ብስክሌቴ ሰላምታ የተማረችበት ቁልቁለት

በመካነ ሰላም ለብስክሌት መንገድ ያሰበ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ያሰበ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደሉንም የስፌት መኪና ጥገናውንም ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ብስክሌቷንም ከደሴ በጭነት መኪና አስመጥቼ፣ ማንም ሳይዘኝ፣ ወድቄ ተነሥቼ ለመድኋት።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነበር። ወደ ከላላ የሚወስደው የመኪና መንገድ ገና መቆረጡ ነው፤ መኪናው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ነበር የሚታየው። እኔ በገበያ ቀን ማለዳ መሣሪያዬን ከኋላ አስሬ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ከላላ ላይ የተበላሸ የስፌት መኪና ሁሉ እኔን ይጠብቃል። በእግሬ ብሄድማ ገበያው ሲበተን ነበር የምደርሰው።

ችግሩ ዋርካው ነበር። ቁልቁለቱ መሐል፣ መንገዱ በሚታጠፍበት፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠብ የሚያበርዱበት ትልቅ ዋርካ አለ። በአገራችን ወግ ባለ በቅሎ እዚያ ሳይደርስ ይወርዳል፤ እጅ ነሥቶ፣ ስለ ልጁም ስለ ከብቱም ተጠያይቆ፣ ዋርካውን በእግሩ ካለፈ በኋላ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው። የእኔን ብስክሌት ግን በዚያ ቁልቁለት ፍሬን አያቆማትም። «አሰላሙ አለይኩም! እንዴት አደራችሁ!» እያልሁ እንደ ጭልፊት ሳልፍ፣ መልሱ የሚደርሰኝ ከታች ሜዳው ላይ ነው።

አስጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ የሽማግሌዎቹ የበላይ የነበሩት ሼህ፣ «ሰላምታ ለውሻ እንደሚጣል አጥንት ነው እንዴ የምትወረውርልን?»

«ፍሬኑ አይዝም፣ አባባ።»

«ብረትህ ባለጌ ከሆነ እኛ ምን አገባን?» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ። «ከዚህ ወዲያ ወይ በእግርህ፣ ወይ በሌላ አገር!»

ብስክሌቷ ታገደች ማለት እንጀራዬ ታገደ ማለት ነው። ግን እኔ በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም። «እስከሚመጣው ገበያ ታገሡኝ፤ መንገዱን ራሴ አስተካክላለሁ» አልሁና ሐሳቤን በእንጨት መሬት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ከመታጠፊያው በላይ አንዲት ጠባብ መንገድ ትገነጠላለች፤ እሷም ሽቅብ ወደ ዋርካው ትወጣለች። ቁልቁለት ያበረረውን ዳገት ያቆመዋል። የማያልቅ ፍሬን ማለት ይህ ነው! ይህን ያስተማረኝ መሐንዲስ የለም።

ሳምንቱን ሙሉ በዶማ ቆፈርሁ፣ ጠጠሩን ለቀምሁ፣ ዳሩን በድንጋይ ካብሁ። «ለሰይጣን ፈረስ ጎዳና ይጠርጋል» ብለው የሳቁብኝም ነበሩ። በገበያው ማለዳ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲያዩ ከላይ ለቀቅኋት። መገንጠያው ላይ መሪውን ጠመዘዝሁ፤ ዳገቷን ወጣችና እግራቸው ሥር ቀጥ አለች። ወርጄ እጅ ነሣሁ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሼሁ።

«አንድ ቀን መቆም ጨዋ አያሰኝም» አሉ ቄሱ።

«እንግዲያው ፍርድ ሳልሰጥ እኔው ተቀምጬ ልያት» ብለው ሼሁ ከዘራቸውን ለቄሱ አስያዙ።

ብስክሌቷን እየገፋሁ አብረን ወደ ላይ ወጣን። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀመጥኋቸው፤ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ወረድን። መጀመሪያ ዱዓ ሲያደርጉ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሲስቁ። መገንጠያው ላይ ደርሼ መሪውን ልጠመዝዝ ስል ትከሻዬን በመዳፋቸው መቱኝ።

«አትታጠፍ! በቀጥታ ንዳት!»

«አባባ፣ ሰላምታውስ?»

«ልቀቃት አልሁህ!»

በዋርካው ሥር እንደ ነፋስ አለፍን።

«ኧረ ሼሁ! ሰላምታው የት ገባ?» ብለው ቄሱ ጮኹ።

«ስመለስ!» አሉ ሼሁ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው።

ሜዳው ላይ ስንቆም ከሣቅ ብዛት እንባቸው ይወርድ ነበር። ሽቅቡን በእግራችን ተመልሰን ዋርካው ጋ ስንደርስ ቄሱ ከዘራውን ይዘው መንገዱ መሐል ቆመው ጠበቁን።

«እንግዲህ ይፍረዱ» አሏቸው ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው።

ቄሱ ከዘራውን መለሱላቸው፤ ነጠላቸውንም ወገባቸው ላይ አጠበቁ።

«ፍርዱ ይቆይ፤» አሉ፣ «መጀመሪያ እኔም ልያት።»

ፍርዱም እስከ ዛሬ እንደቆየ ነው። የከላላ የስፌት መኪኖች ግን ያን ቀን ሳይጠገኑ ዋሉ።