አሥራ አንዱ ጆንያ

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከየካ በላይ በእንጦጦ ተዳፋት ካለች ምንጭ አናት አሥራ አንድ ጆንያ ቆሻሻ ተደፋ። የደፋነው እኛ ነን። የለቀምነውም እኛ ነበርን።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ጋዜጣ ላይ እሠራ ነበር፤ እሑድ እሑድ ከሰባት የሰፈር ሰዎች ጋር ባሕር ዛፉ ውስጥ እሮጣለሁ። የሚያሮጡን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ስንወርድ ከምንጠጣባት ምንጭ ዙሪያ ቆሻሻ መልቀም ያስጀመሩን እሳቸው ናቸው። ማንም አላዘዘንም። የለቀምነው ደም የደረቀበት ፋሻ፣ የዛገ ጣሳ፣ የበግ አንጀት፣ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሆዱ ያበጠ የሞተ ውሻ ነበር። ሽታው ከእጄ በሳሙና አልለቅ ብሎኝ ሁለት ቀን በማንኪያ በላሁ።

ጆንያዎቹን ከምንጩ በታች ባለ ሜዳ ደረደርናቸው። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ጥራጊ ይቃጠላል፤ በሽታ ያባርራል ይባላል። የእኛንም ለዚያ ቀን አቆየነው።

ክብሪት ሳንጭር የቀበሌው ተወካይ መዝገብ ይዞ መጣ። እንግዶች የጽዳት ዘመቻውን ሊጎበኙ ነው አለ።

«የምን ዘመቻ?» አሉ ጋሼ።

«የእናንተ። በፈቃደኝነት የወጣችሁ እዚህ ላይ ፈርሙ። ያልፈረመ የስኳር ካርዱን ይዞ ቢሮ ይቅረብ።»

ፈረምን። ዞር ዞር ብሎ አየና ፊቱን አኮሳተረ።

«ጓድ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ነው። እንግዶቹ ምን ስታነሱ ያያሉ? መኪናው የሚቆምበት እዚያ ላይ አፍስሱት። ሲመጡ ትለቅሙታላችሁ።»

«እዚያ ከደፋነው ወደ ምንጩ ይወርዳል። ሰው ይጠጣዋል» አሉ ጋሼ።

«ለአንድ ሰዓት ነው።»

አብሮን የሚሮጥ አንድ መካኒክ ጆንያ ተሸክሞ እየወጣ «ጓድ፣ ውሻውን በየትኛው ጎኑ እናስተኛው?» አለ።

ተወካዩ ትንሽ አሰበ። «ወደ መንገዱ ይዙር።»

ውሃ ሊቀዱ የመጡ አንዲት አሮጊት እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው አዩን።

«ልጆቼ፣ ልታጥኑት አልነበር? ምነው ዘራችሁት?»

ጋሼ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ቀጣዩን ጆንያ ፈታሁ።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው በመኪናው መስኮት ተመለከቱ። አጎንብሰን ስንለቅም ከእኔው መሥሪያ ቤት የመጣው ፎቶ አንሺ ሦስት ጊዜ አነሳን። መኪናው እንደ ዞረ ተወካዩ ለስብሰባ በጭነት መኪና አሳፈረን። ጋሼ «መጀመሪያ እናንሳው» ብለው ሁለት ጊዜ ለመኑ። ስብሰባው እስኪመሽ ቆየ። ሰኞም ሌላ ስብሰባ ነበር። በመሀሉ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጣለ።

ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አሥራ አንድ ጆንያ ቆሻሻ በፈቃደኞች ተነሳ» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከጋሼ ጋር ወጣን። ፋሻው ከምንጩ አፍ ድንጋይ ላይ ተጠምጥሟል፤ ውሃው በላዩ ይፈስሳል። አሮጊቷ ከእኛ በፊት መጥተው እየቀዱ ነበር። እስከ ረፋድ ድረስ ያገኘነውን ሁሉ ለቀምን።

ዘጠኝ ጆንያ ሞላ።