በአባባ ግቢ የተተከለው የመብራት እንጨት

ልጅ ሳለሁ የማታ ብርሃን የሚከራይ ነገር ይመስለኝ ነበር። አያቴ አባባ ሰይድ ማሾ ያከራዩ ነበራ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ሥር ባለው ሰፈራችን፣ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይመሽም። ማሾ ላላያችሁ በላምባ የሚሠራ ትልቅ ፋኖስ ነው፤ እንደ ብስክሌት ጎማ በፓምፕ ይነፋል፣ መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነጭ ሆና ትበራለች፣ ሲነድም እንደ ተቆጣ ድመት እሽሽ ይላል።

ያኔ አባባ ማሾዎቹን ከማከራየታቸው በፊት አመሻሽ ላይ አንዱን ለኩሰው ይሞክሩት ነበር፣ እኛ የሰፈሩ ልጆችም ላምባ ላምባ እየሸተትን ከበን እንቀመጣለን፣ እሳቸውም የሌሎቹን መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ ያወሩልናል። ጅብና ጦጣ አልነበረም የሳቸው ተረት። አዲስ ነገር ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ሰው ምን ብሎ እንደሸሸው ነበር።

ከሁሉ የምንወደው የሞተር ወፍጮውን ነበር። ወፍጮው እንደተተከለ ሴቶቹ ዱቄቱን ቢነኩት ሞቋል። «ይሄ ዱቄት ታሟል» ብለው ሸሹ። ደፍራ ያስፈጨችም ትኩሳቱ እስኪለቀው በሰፌድ ዘርግታ ስታራግብለት ትውላለች፤ አንዷማ ጠበል ረጭታበት ሊጥ አድርጋው አረፈች። እዚህ ላይ እኛ መሬት ላይ እንንከባለላለን። ከዚያ አንድ ቤት ድንገት ለቅሶ ይሆናል፣ ለቀስተኛው ብዙ ነው፣ ዱቄት የለም፣ ሞተሩ ጋ ወስደው ያስፈጫሉ። ሰው በላ፤ ማንም ሆዱን አላመመውም። በማግስቱ ወፍጮው በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ተረቱ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው።

በኋላ መብራት ከታች ከመንገዱ ወደ እኛ መጣ። የሰፈራችን ልማድ፣ ቆጣሪ ያለው ለሌለው ሽቦ ይቀጥላል፤ እንዲህ እየተቀጣጠለ ከቤት ቤት ወጣ። ከእኛ በላይ ላሉት ግን ርቀቱ ስለበዛ ሽቦው መሀል ላይ የሚያርፍበት እንጨት ያስፈልገዋል። በግራ ገደል፣ በቀኝ ወንዝ ነው። ያለው ቦታ የአባባ ግቢ ብቻ ነበር።

አንድ ማታ ማሾውን ከበን ተቀምጠን ሳለ ከላይ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ መጡ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እንዴት አመሹ?»

«አልሐምዱሊላህ። ማን ሊያገባ ነው?»

«ኧረ የሚያገባስ የለም። ስለ እንጨቱ ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እምቢ ቢሉም አንቀየምዎትም። እንጀራዎ ነው።»

አባባ መወልወላቸውን አላቆሙም። «ልጅሽ በምንድነው የምታጠናው?»

«በኩራዝ። ዓይኗ እያለቀሰ።»

ከዚያ አባባ፣ እትዬ ብርቄን ትተው ወደ እኛ ዞረው፣ የወፍጮውን ተረት ቀጠሉት።

«የለቅሶውን እህል ሞተሩ ጋ የወሰደችው እናቴ ናት። በእጇ ለሰው እየፈጨች ነበር የምታሳድገን። ያን ቀንም አንቺ ፍጪልን ብለው ነበር የጠሯት። እህሉን አየችው፣ ሰዉን አየችው፣ አይደርስም። ተሸክማው ወረደች።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ የሚያስፈጫት ጠፋ።»

ማናችንም አልሳቅንም። አባባ ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩና «ጉድጓዱን ከመሀል ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩት፤ ልጆቹ እዚያ ኳስ ይጫወታሉ» አሉ።

ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ወርዶ ተተከለ። ከላይ ያሉት ቤቶች አንድ በአንድ በሩ። ለቅሶው በአምፖል ሆነ፣ ሠርጉም። የእትዬ ብርቄ ልጅ ስታገባ አባባን በክብር ጠርተው ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጧቸው። በሠርግ ላይ ቁጭ ብለው አያውቁም፤ ማሾ በየጊዜው ካልተነፋ ይደክማላ። ያን ማታ ድንገት ብድግ ይላሉ፣ አምፖሉን ያያሉ፣ ይቀመጣሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ብድግ።

«ምን ጎደለ አባባ?» አላቸው አንዱ አሳላፊ።

«ምንም። ይሄ ሲደክመው ማን ነው የሚነፋለት?»

«አይደክመውም እኮ።»

«እህ። ሰው አይፈልግማ።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፤ አባባ ከማንም በላይ ሳቁ። ከዚያ ሠርጉ እስኪያልቅ አልተነሱም፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የት እንደሚያኖሩት የጠፋቸው ይመስል።

ዛሬ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሰው ስለ ጥቅሙ ሲያወራ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም በኩራዝ ልኖር አልፈልግም። ግን እንጨቱን በፈቀዱበት ማታ፣ እትዬ ብርቄ አመስግነው፣ ልጆቹም ተበትነው፣ ማሾው ከጠፋ በኋላ አባባ ጨለማው ውስጥ ምን እያሰቡ እንደተኙ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የጠየቃቸው የለም። ብንጠይቃቸውም ቀልደው ያልፉ ነበር።