የታክ ሱኖክ ክዳን

ታክ ሱኖክ የምሳ ዕቃዋን ክዳን የኤምአርአይ ማዘዣው ወረቀት ላይ ደፋችና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ራሷ አዞረች።

"ዶክተር፣ ፕሮፌሰር ጉክ እኮ የጉልበቱ ልም አጥንት ተቀዷል ብለው ጽፈዋል" አለ ፕዮ፣ እሷ ሥር የሚሠለጥነው ሐኪም።

"ለዚህ ነው የሸፈንኩት። አንተስ ምን አገኘህ?"

"ተቀዷል።"

"አይተህ ነው አንብበህ?"

ፕዮ ክዳኑን አየ።

ሱኖክ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳውን በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ፣ በዚህ መስኮት አልባ ክፍል፣ የሰው ጉልበት በኤምአርአይ ስታይ ኖራለች። አላገባችም። "ሊያጩኝ የመጡት ሁሉ ያነክሱ ነበር" ትላለች።

እኛ ዘንድ በትምህርት አንድ ዓመት የቀደመህን ሰው ተሳስተሃል አትለውም። ቀዶ ሐኪሙ ጉክ ሱኖክን ሁለት ዓመት ይቀድማታል። እሱ "ተቀዷል" ካለ ምስል አንባቢው ሐኪም ሁሉ የተቀደደ ነገር ፈልጎ ያገኛል። እሷም አንዴ አግኝታለታለች፤ የአንዲት ፖስተኛ ደህና ጉልበት በከንቱ ተከፈተ። ክዳኑ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዛሬው ጉልበት የኦም ቺልቦክ ነው፤ መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ የሚመዝን፣ ሲሩም የሚባለው የኮሪያ ባህላዊ ትግል ታጋይ። ለከሰዓት ቀዶ ጥገና ተይዞለታል።

"ይቺን ነጭ መስመር ተከተላት" አለች ሱኖክ።

ፕዮ ምስሎቹን አንድ በአንድ አሳለፈ። መስመሯ ቅዳድ አልነበረችም። በልም አጥንቱና ከፊቱ በሚያልፍ ጅማት መካከል ያለች ክፍተት ነበረች፤ ጅማቱም ወደ ማዶ ተሻገረ።

"ይሄ ጅማት ብዙ ሰው ላይ አለ። ቀጥል።"

"አለቀ እኮ፣ ዶክተር።"

"ታዲያ ሰውየው ለምን ያነክሳል? ለጨዋታ?"

መጨረሻዎቹ ምስሎች ላይ፣ ከጉልበቱ በታች፣ ቅልጥሙ አናት ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ማንም እዚያ ድረስ አልወረደም።

ሱኖክ ወደ ታጋዩ ክፍል ሄዳ ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

"ወይኔ እናቴ! እትዬ፣ ይልቀቁኝ!"

ጉክ ከበሩ ላይ ብቅ አለ። "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽተኛ የምትነኪው?"

"ከዛሬ ጀምሮ፣ ጋሼ። እርስዎም ይሞክሩት፣ ልም አጥንቱ እዚህ ድረስ ወርዶ እንደሆነ።"

ጉክ ተጫነ። ታጋዩ ጮኸ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ ጉክ ጉሮሮውን እየጠረገ።

"እንዴታ፣ ጋሼ።"

ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። ቺልቦክ ስድስት ሳምንት በክራንች ሄደ፤ በዳኖ በዓል የሚደረገው የትግል ግጥሚያም አመለጠው። ለመከሩ በዓል፣ ለቹሶክ፣ ወደ ትግሉ ተመልሶ ገባ፤ በመጀመሪያው ዙር ተጣለ።