በኮድቡር የነቀልኩት ጣሪያ

ሐርጌሳ ውስጥ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ቆርቆሮ መምረጥ ነበር። ከተማዋ ከመጀመሪያው ጦርነት ገና እያገገመች ስለነበር ግድግዳው ቢቆምም ጣሪያ ያለው ቤት ብርቅ ነበር፤ ቆርቆሮውን ዘራፊ ወስዶታል። አሠሪዬ ኤዶ ሳህራ፣ ዋሄን ወደሚባለው ገበያ ወስዳ አሮጌ ቆርቆሮ የተከመረበት ቦታ አቆመችኝ። ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል።

«አናጢ ነኝ ብለሃል፤ በል ምረጥ» አለችኝ።

አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ፀሐይ አቅንቼ ከሥር አየሁ። ብርሃን የሚያሾልከውን ወደ ግራ፣ የማያሾልከውን ወደ ቀኝ። ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ «ይሄ ሐበሻ ቆርቆሮ ሊገዛ ነው ወይስ ሚስት ሊያጭ?» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀብኝ። የሚሻለውን ይዘን ተመለስን። የሚሻለውም ቢሆን ወንፊት ነበር፤ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንኩት።

ኤዶ ሳህራ ባሏ የሞተባት የአምስት ልጆች እናት ነበረች። የተረፋት ንብረት ኮድቡር ሰፈር ያለው ጣሪያው የተገፈፈ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። እሷ ከልጆቿ ጋር ጓሮ ማድቤት ውስጥ እየኖረች ክፍሎቹን ከድና ልታከራይ አሰበች። የሰርግ ወርቋን እየሸጠች ሁለቱን በአሮጌው ቆርቆሮ ከደንን።

የጀማሪ አከራይ ጣጣ ሁሉ ደረሰብን። ስለ ኪራዩ ስንነጋገር የውኃውን ነገር ረስተን ተከራዮቹ በአንድ በርሜል ውኃ ሊጋደሉ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ተከራይ ሲመጣ መጀመሪያ የምናነሳው ስለ ውኃ ሆነ።

ሁለቱ ክፍሎች ሲከራዩ ከወርቋ የቀረው አንድ የአንገት ሐብል ነበር። እጇ ላይ አድርጋ አሳየችኝ።

«ተስፋዬ፣ ይሄን ለክፉ ቀን ላስቀምጠው?»

«ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወርቅ ኪራይ አያመጣም» አልኳት። ቤት አከራይቼ የማላውቅ ሰው፣ ድንቅ ምክር የመከርኩ መስሎኝ ነበር። ሐብሉ ተሸጠ። ሦስተኛውን ክፍል ከድንበር ማዶ በመጣ አዲስ ቆርቆሮ ከደንኩት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የኮራሁበት ጣሪያ የለም።

ያን ክፍል የተከራየችው ዋሄን ሻይ የምትሸጥ የአገሬ ልጅ ሙሚና ናት። ባሏ ከድር ግንበኛ ነበር፤ ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀርቷል። ቤቱን ያየች ቀን ቀና ብላ ጣሪያውን ተመለከተችና «አልሃምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ ዝናብ አይነካውም» አለች።

ከዚያም በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ውጊያ እንደገና ተነሳ። በየቀኑ ወደ እኛ ቀረበ። የሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ተከራዮች ሸሹ። ኤዶ ሳህራ ልጆቿን ወደ ድንበር የሚያደርስ የጭነት መኪና አገኘች፤ ሹፌሩ ግን ሽልንግ አልቀበልም አለ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሦስቱንም ጣሪያ አየና በጣቱ የሦስተኛውን አሳየን።

«ያን ስጡኝ። ሌላው ዝገት ነው።»

ኤዶ ሳህራ ወደ እኔ ዞረች። «ንቀለው።»

«ከድርስ?» አልኳት።

«ልጆቼስ?» አለችኝ። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ «ወርቁ ቢኖር ወርቁን እሰጠው ነበር» አለች። እኔን ለመውቀስ አልነበረም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሹፌሩን ከድርንም እንዲጭን ለመንኩት። «የተኛ ሰው የአራት ሰው ቦታ ይይዛል፤ ደግሞ መንገድ ላይ ይሞትብኛል» አለ። ሙሚናም ጥዬው አልሄድም አለች። ከነፍራሹ ተሸክመን ወደ ሁለተኛው ክፍል አዛወርነው። ከዚያ ጉጠትና መዶሻዬን ይዤ መሰላሉን ወጣሁ።

ሙሚና ከሥር ሆና ጠራችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ጋሽ ተስፋዬ፣ እባክህ መዶሻውን ቀስ አድርገው። ድንጋጤ አይችልም።»

በጉጠት ብቻ አንድ በአንድ ነቀልኩት። ሹፌሩ ከታች እየጮኸ ይሰድበኛል። ቆርቆሮው ተጫነ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ተጫኑ፣ እኔም በዚያው መኪና ሄድኩ። እኔ ጤነኛ ነበርኩ፣ ልጅም የለኝም፤ መቅረት እችል ነበር። ፈርቼ ነው የሄድኩት።

ከተማዋ ስትረጋ ተመልሼ ሙሚናን ዋሄን እዚያው ቦታዋ ላይ አገኘኋት። ሻይ ቀዳችልኝ። ስለ ከድር ለመጠየቅ አፌን ሳልከፍት ራሷ ነገረችኝ።

«ሬንጁ ለቀቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ፍራሹን ከጥግ ጥግ ስጎትት ነበር። ሳል ያዘው፤ ሳምንትም አልቆየ።»

«ይቅርታ» ብቻ አልኳት።

«ኤዶ ሳህራን አልተቀየምኳትም» አለች ብርጭቆ እያጠበች። «እናት ናት። ለሹፌሩ የምትሰጠው ሌላ ነገር አልነበራትም።»

ለምን እንዳልነበራት አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ቤት ገዝታችሁ ወይም ጠግናችሁ ለማከራየት ለምታስቡ የምለው ይህን ነው። ያላችሁን ሁሉ ቤቱ ላይ አታውሉ። እናንተንና ልጆቻችሁን የሚያሸሽ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ። እሱ ከሌላችሁ ሦስተኛው ክፍል ሳይከደን ይቆይ።