በካርዱ ላይ ያለው ሚስማር

እናቴ ዲንቄ ጉተማ ወረቀት ትፈራ ነበር። ጅብ አትፈራም፤ ከእንጦጦ ጫካ እስከ የካ ቤታችን ባለው ቁልቁለት ሃያ ሁለት ዓመት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ ከጅብ ጋር ብዙ ጊዜ ተላልፋለች። የምትፈራው በ1989 ዓ.ም. ቀበሌ ውስጥ አውራ ጣቷን የጫነችበትን አንድ ገጽ ነበር። የደን ጥበቃው በዳዳ ከነሸክሟ ይዟት፣ ገመዷን ቀምቶ አስፈረማት። ማንበብ ስለማትችል እሱ አነበበላት፤ ሁለተኛ ከተያዘች እንደምትታሰር ይላል።

ከዚያ በኋላም ሄደች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመዝገብ አያያዝ የተማርኩት በዚያ ጭራሮ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስቀጠር ጫካውን እንድትተው ለመንኳት፤ ትቻለሁ አለችኝ።

በእሷ ሐሳብ የመንግሥት ወረቀት ሁሉ አንድ ቤት ነው የሚያድረው። ሆስፒታል የተጻፈ ነገር ቀበሌ ይደርሳል፣ ከቀበሌ ጥበቃው ጋ ይሄዳል። እንደዚያ እንዳልሆነ ስነግራት፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ ብላ ታልፈኛለች።

በጥር 2002 አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያነከሰች ገባች። ቀኝ ጭኗ በውስጥ በኩል ተወግቷል። ወሰን ሰፈር፣ የጋራዥ አጥር ላይ ያለ ሚስማር ወጋኝ አለች። በማግስቱ ወደምሠራበት ሆስፒታል ወሰድኳትና ካርዷን ራሴ ሞላሁ። "ሚስማር" ብዬ ጻፍኩ። የተነገረኝን ነው የጻፍኩት።

ቁስሉ ላዩ ደረቀ፣ ውስጡ መገለ። ሦስት ጊዜ ራጅ ተነሣች፤ ምንም አልታየም። የሚስማር ስባሪ ቢኖር ራጁ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣ ስለነበር ሐኪሞቹ የቀረ ነገር የለም አሉ። መግሉን እያስወጡ፣ መድኃኒት እየሰጡ መለሷት። በመጋቢት እግሯ አበጠ፤ ትኩሳቷ አልወርድ አለ።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሲሞን ወደ ጎን ጠርቶ ያለውን ሁሉ ነገረኝ። መግሉ የተጠራቀመው ከትልቁ የደም ሥር አጠገብ ነው። ሥሩን ከበላው እግሯ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሳይደርሱላት ደሟ ፈሶ ልታልቅም ትችላለች። በጭፍን ቢከፍት ደግሞ የገዛ ምላጩ ሥሩን ሊነካው ይችላል። ስለዚህ ዶክተር ሰዓዲያ የምትባለው የራጅና የአልትራሳውንድ ሐኪም አብራው ገብታ፣ እሱ ሲቀድ እሷ በአልትራሳውንድ ውስጡን እያየች እንድትመራው ጠይቋል።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት ሰዓዲያ፣ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ከተጋደመችበት አልጋ አጠገብ ጎንበስ አለች።

"እማማ፣ የምፈልገውን ካላወቅኩ ጥላው ሁሉ ያሳስተኛል። እውነት ሚስማር ነው የወጋዎት?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እኔ የያዝኩት ካርድ ላይ ነበር።

"ሀዊ፣ መጀመሪያ እሱን አስቀምጪው።"

ፍራሹ ሥር ከተትኩት።

"እንጨት ነው" አለቻት ሰዓዲያን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የባሕር ዛፍ ስንጥር። አንሸራትቶኝ ሸክሜ ላይ ወደቅኩ። እንዳትጽፊው ልጄ። በዳዳ ከሰማ እኔ እታሰራለሁ፤ ይቺም በእኔ ጦስ ከሥራዋ ትባረራለች።"

እንጨት ራጅ ላይ አይወጣም። ሁለት ወር ሙሉ ሐኪሞቹ እኔ የጻፍኩትን ቃል ሲፈልጉ ነበር።

እንድገባ አልተፈቀደልኝም፤ በሩ ላይ ቆምኩ። ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ከእናቴ ከራሷ ነው። ከወገቧ በታች ደንዝዛ፣ ነቅታ ነበር። እግሯ በጨርቅ ቢጋረድባትም ስክሪኑ ይታያታል። በግራጫው መሐል አንድ ጥቁር ክብ ይመታል፤ የደም ሥርዎ ነው አሏት። ከክቡ ጥግ፣ የሩዝ ፍሬ እንኳ በማያሳልፍ ክፍተት፣ ደማቅ ሰረዝ ተጋድሟል፤ ስንጥሩ ነው። ቀጥሎ ከጠርዙ ሌላ ሰረዝ ብቅ ብሎ ወደ ክቡ መጣ፤ የሲሞን መቆንጠጫ ነበር።

እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራት። ሰዓዲያ እጇን ሳታነቃንቅ ምን ሆኑ አለቻት።

"ይሄ መሣሪያ ይመዘግባል?"

"አይመዘግብም እማማ። አሁን ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። እጄን ሳነሣ ይጠፋል።"

"እንኳን አልመዘገበ" አለ ሲሞን ከጨርቁ ማዶ። "የእኔም ላብ አብሮ በተጻፈ ነበር።"

እናቴ አልሳቀችም፤ ትንፋሿ ግን ተመለሰ።

"ቁም" አለችው ሰዓዲያ። "ሥሩን ልትነካው ነው። ትንሽ ወደ ታች። ትንሽ። አሁን ያዝ።"

ሁለቱ ሰረዞች አንድ ሆኑ፤ ከዚያ ተያይዘው ከስክሪኑ ወጡ። እናቴ ዓይኗን ከጥቁሩ ክብ አልነቀለችም። መምታቱን አላቆመም።

ስንጥሩ አራት ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ነበር። ለክቼዋለሁ።

ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ካርዱን ላስተካክል ስነሣ እጄን ያዘችኝ። እኔ እስካለሁ ሚስማር ይሁን አለች። ለምናው ሲሞንም "ባዕድ ነገር ወጥቷል" ብቻ ብሎ ጻፈ። ስድስት ዓመት በሁለት እግሯ ሄደች፤ ጫካውንም ያን ጊዜ የምሯን ተወችው።

በሰኔ 2008 በልብ ሕመም አረፈች። የሟች ካርድ ወደ ሌላ መደርደሪያ ይዛወራል፤ የእሷን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በእኛ ሥራ የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፤ አንድ መስመር ይሰመርበትና ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ ይፈረማል። "ሚስማር" የሚለው ላይ አሰመርኩ። "የባሕር ዛፍ ስንጥር፣ እንጦጦ ጫካ" ብዬ ጻፍኩና ቀኑን አስገባሁ።

ከመፈረሜ በፊት ተነሥቼ የክፍሉን በር ዘጋሁ።