የታላቅ እህቴ ደጃፍ
የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሰው አሻጋሪ ደላሎችን ስከስ፣ ተዘዋዋሪው ችሎት የተሰየመው በተወለድኩባት ቡታጅራ ነበር። የተከሳሾቹ ሰዎች እየደወሉ ስለሚዝቱብኝ ሆቴል አረፍኩ። የመስቀል ዕለት ግን አላስቻለኝም፤ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ልጆች አሉኝ፤ ካንቺ ጋር እንዳያዩን ፈራሁ» አለችኝ።

«ገባኝ፣ እታለም» አልኳት።

ክትፎ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝና እያለቀሰች በሩን ዘጋች። ሆቴል ተመልሼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን በላሁ።

ጥር ላይ ደላሎቹ ተፈረደባቸው። ለእህቴ ስደውልላት «አሁንማ ነይ» አለችኝ፤ ሄድኩ። ድሮ አንገቴ ላይ ይጠመጠሙ የነበሩት ልጆቿ ግን ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው እንደ እንግዳ ጨበጡኝ።