የማክሰኞና የሐሙስ ውሃ

በእኛ ሰፈር ማክሰኞ ውሃው ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ ነበር። በደረቁ ወንዝ በደቻቱ አሸዋ ዳር የነበረችው ትንሽ የጨርቅ ማቅለሚያ፣ ተወርሳ የመንግሥት ከሆነችም በኋላ፣ እጣቢዋን የምትለቀው በእነዚህ ቀናት ነው። ቧንቧ የሌለን ደግሞ አሸዋውን ጭረን የሚወጣውን ውሃ በጣሳ እየጨለፍን እንጠጣለን። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ ጀሪካን ሞልቶ ማሳደር የሰፈሩ ወግ ሆነ።

ጎረቤታችን በለጠች ግን በዚህ ወግ አልተስማማችም። ትንሿ ልጇ ሆዷን ታማ ከሰነበተች በኋላ፣ የእጣቢው ቦይ ከሰፈራችን ይራቅልን ብላ ለቀበሌው አመለከተች። ድፍረት ነው፤ ባሏ ክፍሌ የሚሠራው እዚያው ማቅለሚያ ውስጥ ነው። ቦዩ እኮ ድሮ ወደ እኛ አይፈስም ነበር። ሽታው የሀብታሞቹ ሰፈር ከዚራ ያሉትን ባለ ግቢዎች ሲያስቸግር፣ በሳምንቱ ተቆፍሮ ወደ እኛ ዞረ። የእኛ ማመልከቻ ግን አራት ዓመት መልስ አጣ። "ምርት ይቅደም" ይሏታል፤ በዓመቱ ተመልሳ ትሄዳለች። እኔን እስካሁን ያናድደኛል።

በ1978 ማቅለሚያዋ ትንገዳገድ ጀመር። መለዋወጫ ጠፋ፤ ከውጭ የሚመጣው ቀለም ቀረ። መጀመሪያ የሐሙሱ ውሃ ጠራ፣ ቀጥሎ የማክሰኞው። ሠራተኞቹን "እስክንጠራችሁ" ብለው ወደ ቤት ሰደዷቸው። ክፍሌ በር ላይ ተቀምጦ ከጥፍሩ ሥር አልለቅ ያለውን ቀለም ሲፍቅ ይውላል። አንጀት ይበላል።

በወሩ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ ስብሰባ ጠራ። "የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ተመልሷል!" አለና አስጨበጨበን። ከዚያ በለጠችን ወረቀት እንድትፈርም ጠራት። ወረቀቱ ማቅለሚያው የቆመው በነዋሪው ጥያቄ ነው ይላል።

ባሏ እንደ ክፍሌ ሥራ የፈታባት ፋርቱን ከአጠገቤ ብድግ አለች። "ወላሂ እንዳትፈርሚ አቦ! ነገ ባሎቻችንን ያስባረርሽው አንቺ ነሽ ይሉሻል!"

በለጠች ወረቀቱን አንብባ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ፋብሪካው ይቁም አላልኩም። ለከዚራ ሰዎች እንዳዞራችሁላቸው ቦዩን ለእኛም አዙሩልን ነው ያልኩት። ባሌን ወደ ሥራው መልሱት፣ ቦዩን አዙሩ፤ ያን ቀን እፈርማለሁ።"

ጓድ ጉግሳ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ክፍሌንም ማንም አልጠራው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ውሃ ጠጣን፤ በባዶ ሆዳችን።